29 ጎል ዋንጫ ያላመጣበት ዓመት

በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አገባ። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ታሪክ በአንድ የውድድር ዓመት ይህን ያህል ያስቆጠረ ተጫዋች አልነበረም። ዋንጫው ግን ጎንደር ገባ። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ፋሲል ከነማ ጨዋታዎች እየቀሩት ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ፤ ቡና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ለአፄዎቹ፣ ማለትም ለፋሲል፣ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ ነበር።

ይህን የማነሳው አቡበከርን ለማሳነስ አይደለም። ያን ዓመት ሲጫወት ያየው ሰው አይረሳውም፤ በኋላም ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈርሟል። ፋሲልም ቢሆን ጎል አግቢ አልጎደለውም፤ ሙጂብ ቃሲም ነበረው። ግን ያ ዓመት አንድ ጥያቄ ጥሎልን አልፏል። በኮሮና ምክንያት ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ነው የተካሄደው። ፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ አላስተናገደም። እኛ ጎንደሮች ስለ ደጋፊያችን ስናወራ አንጠግብም። ያን ዓመት ግን ደጋፊው ጨዋታውን በቴሌቪዥን ነው የተከታተለው። ታዲያ ቡድኑን ምን ይዞት ቆመ?

ፒያሳ ቡና እየጠጣ ኳስ የሚያወራ ሰው መልሱን ወዲያው ይሰጣችኋል፦ «አንድነት ነበራቸው»። ቡድኑ መሸነፍ ሲጀምር ደግሞ «ተከፋፍለዋል፣ አይዋደዱም» ይላል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ችግሩ አንድነት የምንለው ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ሳንጠይቅ ማለፋችን ነው። ስላልጠየቅን፣ ሲጠፋ እንዴት እንደሚጠገን አናውቅም። አሠልጣኝ እናባርራለን። ግማሹን ቡድን እንበትናለን። ወይም ልጆቹን ሰብስበን «ተዋደዱ፣ ተከባበሩ» ብለን እንመክራለን፤ በማግስቱ ሜዳ ላይ ምንም አይቀየርም።

በስፖርት ሥነ ልቦና በዚህ ጉዳይ ብዙ የለፋው ካናዳዊው አልበርት ካሮን ነው። ከባልደረቦቹ ጋር በ1985 (ከ2013 ዓ.ም. በስተቀር ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 18 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አዘጋጀ። የመለኪያው ዋና ቁም ነገር የቡድን አንድነትን ለሁለት መክፈሉ ነው። አንደኛው የሥራ አንድነት ነው፤ ቡድኑ ምን እንደሚፈልግ፣ በምን መንገድ እንደሚያገኘው፣ ማን ምን እንደሚሠራ መስማማት። ሁለተኛው የማኅበራዊ ኑሮ አንድነት ነው፤ መዋደድ፣ አብሮ መብላት፣ ከልምምድ በኋላ አብሮ መዋል። አንድ ቡድን በሁለቱም ጠንካራ ሊሆን ይችላል። አንዱ ኖሮት ሌላው ሊጎድለውም ይችላል።

እነ ካሮን በ2002 በጉዳዩ ላይ የተሠሩ 46 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። ሁለቱም ዓይነት አንድነት ከውጤት ጋር አብሮ ይሄዳል። በሴቶች ቡድኖች ዘንድ ደግሞ ዝምድናው ከወንዶቹ ይበልጥ ጠንካራ ሆኖ አገኙት። የሴቶች ቡድን ለሚያሠለጥን ሰው ይህ ትልቅ መረጃ ነው። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የእነሱ ካምፕና የእነሱ ጉዞ መሆኑ ደግሞ ያሳዝነኛል።

መዋደድ ግድ ነው ወይ? ሃንስ ሌንክ የሚባል ጀርመናዊ አለ። በ1960 ሮም ኦሎምፒክ በስምንት ሰው የጀልባ ቀዘፋ ወርቅ ካገኙት አንዱ ነው፤ በኋላ ፈላስፋና የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሆነ። አብረውት ስለቀዘፉትና ከዚያ በኋላ ስለመጡት የጀርመን ቡድኖች ሲጽፍ ብዙዎች ያልጠበቁትን ነገር ተናገረ። በቡድኖቹ ውስጥ ጠብ ነበር፣ ቡድንተኝነት ነበር፣ የማይነጋገሩ ሰዎች ነበሩ። ያም ሆኖ ያሸንፉ ነበር። ውኃው ላይ ሲወጡ መቅዘፊያው በአንድ ምት ይገባል፣ በአንድ ምት ይወጣል። ማንም ቢሆን ያልወደደውን ሰው ለመጉዳት ብሎ ምቱን አያጓድልም።

ጠብ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ጠብ ጊዜና ጉልበት ይበላል፤ ልጆች በሚያድጉበት ቡድን ውስጥ ደግሞ ልብ ይሰብራል። የምለው ሥራው ላይ የጸና ስምምነት ካለ ቡድን ጠብን ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። ፍቅር ኖሮ የሥራ ስምምነት ከሌለ ግን የሰፈር ጓደኞች ስብስብ እንጂ ቡድን አይኖርም። በጎንደር ሰፈሮች፣ ማራኪም አዘዞም፣ የክረምት ውድድር የተከታተለ ሰው ይህን አይቷል። አብረው ያደጉ፣ አንድ ሳህን የሚበሉ ልጆች አንድ ማሊያ ይለብሳሉ። ኳስ ሲጠፋባቸው ግን ማን እንደሚመለስ አልተነጋገሩም። ሁሉም ፊት ይቀራል። ጎሉ ሲገባባቸው ሁሉም በረኛው ላይ ይጮኻል።

ከእኛው አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። አቴንስ፣ 2004፣ 10,000 ሜትር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በተረከዝ ጅማት ሕመም እየተሠቃየ ነው የገባው። ውድድሩ መሐል ላይ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን እየዞሩ አዩት፤ ፍጥነታቸውንም ቀንሰው ጠበቁት። ያን ቀን በቴሌቪዥን ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር ነው። ከዚያ ኃይሌ እንደማይችል ሲገባቸው ሄዱ። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። መጠበቃቸው ፍቅርና አክብሮት ነው። መሄዳቸው ደግሞ የመጡበት ሥራ ነው። ሁለቱን ያለ ጸጸት ማድረግ የቻሉ ልጆች ነበሩ፤ እስከ ዛሬም እኮራባቸዋለሁ።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልግባ። ሰው በቡድን ሲሆን ጉልበቱን ይቀንሳል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቀውም።

ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ በ1880ዎቹ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ይለካ ነበር። ውጤቱን ያሳተመው በ1913 ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚጎትተውን 100 ብንለው፣ ሁለት ሆነው ሲጎትቱ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 93 ወረደ። ሦስት ሲሆኑ 85። ስምንት ሲሆኑ 49። ስምንት ሰው የአራት ሰው ሥራ ሠራ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ «እኩል ስለማይስቡ ነው፣ አንዱ ሲስብ ሌላው ያርፋል» ተባለ። ከፊሉ እውነት ነው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ አለን ኢንግሃምና ባልደረቦቹ ግን አንድ ብልኃት ፈጠሩ። የሚፈተነውን ሰው ዓይኑን ሸፍነው ከፊት አስቀደሙት። ከኋላው ሰዎች አሉ፤ የሚስቡ ያስመስላሉ እንጂ አይስቡም። የሚጎትተው እሱ ብቻ ነው። ሰውየው ግን ሌሎች አብረውኝ አሉ ብሎ ስላመነ ብቻ ጉልበቱን ቀነሰ።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ተረት ትዝ ይለኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ሁሌ የምንጠቅሰው ስለ መተጋገዝ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ተረቱ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንድ ሎሚ በእጁ ስለያዘ ነው። የማን ሎሚ እንደወደቀ ይታያል። ሃምሳው ሎሚ በአንድ ትልቅ ኬሻ ተደርጎ ሃምሳ ሰው በጋራ ቢያነሳው ኖሮ ግማሹ እጁን ኬሻው ላይ አስደግፎ ይሄድ ነበር። የሪንግልማን ገመድ ኬሻው ነው።

ዋናተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ኪፕሊንግ ዊልያምስና ባልደረቦቹ በ1989 ያወጡት ነው። ዋናተኞቹ አንዴ ለየብቻቸው፣ አንዴ በቅብብል ዋኙ። የእያንዳንዱ ሰዓት በይፋ በማይነገርበት ጊዜ በቅብብሉ ላይ ከግል ዋናቸው ቀርፋፋ ሆኑ። የእያንዳንዱ ሰዓት ጮክ ተብሎ ሲነገር ግን ተገላበጠ፤ ለቡድኑ ሲዋኙ ለራሳቸው ከዋኙት በለጡ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ገንዳውም ያው ነው። የተለወጠው የእያንዳንዱ ድርሻ መታየቱ ነው።

እግር ኳስ ውስጥ የማይታይ ሥራ ሞልቷል። የቀኝ መስመር ተጫዋቹ ኳሱ በግራ በኩል እያለ ወደ መሐል ጠበብ ማለቱን ማን ያይለታል? አማካዩ ኳስ ከተቀማ በኋላ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ክፍተቱን መድፈኑን? አጥቂው ኳስ እንደማይደርሰው እያወቀ ተከላካዩን ይዞ ለጓደኛው ቦታ ለመክፈት መሮጡን? ደጋፊ ጎሉን ያያል፤ ጋዜጠኛው ያገባውን ይጠራል። አሠልጣኙም ዝም ካለ ተጫዋቹ ሥራው እንደማይቆጠር ይገባውና ቀስ በቀስ ይተወዋል። «ቡድኑ ወኔ አጣ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ወኔ አንድ ቀን ተነስቶ አይጠፋም። ያልተቆጠረ ሥራ ነው የሚተወው።

ስለዚህ አሠልጣኝ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ማዕዘን ምት ሲሆን «ሁላችሁም ሰው ያዙ» ማለት ኬሻውን ማሸከም ነው። «አንተ 9 ቁጥሩን፣ አንተ የቅርቡን ቋሚ፣ አንተ የሚመለሰውን ኳስ» ማለት ሎሚውን ማደል ነው። ትልልቆቹ ክለቦች ካሜራና ባለሙያ አላቸው። የሰፈር ቡድን ግን አንድ ተቀያሪ ልጅ ደብተር ይዞ ማን ስንት ኳስ እንደቀማ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ቢጽፍለት ይበቃዋል። በእረፍት ሰዓት ያ ደብተር ሲነበብ ልጆቹ እንዴት እንደሚያዳምጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከአሠልጣኙ ጩኸት ይልቅ የሚሰሙት እሱን ነው።

ሜዳ ላይ መነጋገርም እዚሁ ይገባል። በሻምፒዮንነቱ ዓመት የፋሲልን ጎል ይጠብቅ የነበረው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነው። በዚያን ጊዜ የሊጋችን ብዙ ክለቦች የውጭ አገር በረኛ ነበራቸው። በረኛና ተከላካይ በአንድ ቋንቋ ረጅም ወሬ ማውራት የለባቸውም። «ውጣ»፣ «የኔ»፣ «ሰው አለ» የሚሉ አራት አምስት ቃላት ይበቋቸዋል። እነዚያ ቃላት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም ይኑራቸው፣ በጊዜውም ይነገሩ። ዝም ያለ የኋላ መስመር የቱንም ያህል ቢዋደድ ጎል ይገባበታል።

አንድነት የሚፈተነው ግን ከሜዳው ውጪ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አሥራ አንዱ ይጫወታል። የቀረው ቁጭ ብሎ ያያል። የሚጫወተውን ማዋደድ ቀላል ነው። የማይጫወተው ልጅ ግን ቤተሰቦቹ ጨዋታ ባለ ቁጥር ይደውሉለታል፤ «ዛሬስ ገባህ?» ይሉታል። ለሚቀጥለው ዓመት ውሉ የሚወሰነው በታየበት ደቂቃ ነው። እሱ የእኔን ቦታ የያዘው ልጅ ቢጎዳ ብሎ ቢመኝ ምን ይገርማል? ካሮንና ሌሎች ተመራማሪዎች ሚናን ማወቅና ሚናን መቀበል የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ደጋግመው ጽፈዋል። ልጁ ተቀያሪ መሆኑን ያውቃል። የሚቀበለው ግን ለምን ተቀያሪ እንደሆነ ሲነገረው፣ ምን ቢያሻሽል እንደሚገባ ሲያውቅ፣ ሌላውም በዚያው ሚዛን ሲለካ ሲያይ ነው። ተጫዋች መቀመጥን ይችላል። አድልዎን ግን አይችልም። አንዱ ልምምድ ዘግይቶ መጥቶ ሲሰለፍ፣ ሌላው ለዚያው ጥፋት ሲቀጣ ያየ ቡድን በዚያን ቀን ነው የተከፈለው፤ ምንም ያህል አብረው ቢበሉ አይመለስም።

አሁን ደግሞ አምስት ተጫዋች መቀየር ተፈቅዷል። በኮሮና ጊዜ በ2020 ለጊዜው ተብሎ የተጀመረ ሕግ ነው፤ በ2022 ቋሚ ሆነ። ግማሽ ቡድን ሊቀየር ነው ማለት ይቻላል። ወንበር ላይ ያኮረፉ አምስት ልጆች ያሉት አሠልጣኝ በ65ኛው ደቂቃ ላይ ምን ሊያደርግ ነው?

ስለ አብሮ መብላት ካነሳሁ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ቡድን ውስጥ ዐቢይ ጾም የሚጾምም ረመዳን የሚጾምም አብሮ ይኖራል። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው ነበር፤ ሊጉም እየተካሄደ ነበር። ለአንዱ የጾም ምግብ በሰዓቱ መቅረቡ፣ ለሌላው ስሑርና ኢፍጣር መዘጋጀቱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ክለቡ ሁሉንም እኩል ያስባል ወይስ አያስብም የሚለውን ተጫዋቹ የሚያነበው ግን ከእንዲህ ያለው ነገር ላይ ነው።

ለሐቅ ሲባል አንድ ተቃራኒ ነጥብ መነገር አለበት። አንድነት ውጤት ያመጣል ወይስ ውጤት አንድነት ያመጣል? ብራያን መለንና ካሮሊን ኮፐር በ1994 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሲያጠናቅሩ፣ ከአንድነት ወደ ውጤት ከሚሄደው ይልቅ ከውጤት ወደ አንድነት የሚሄደው ጉልበት እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ያሸነፈ ቡድን ይዋደዳል። ስለዚህ ከዋንጫ በኋላ «አንድነታቸው ነው» ስንል አንዳንዴ ውጤቱን ምክንያት እያደረግነው ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ግን ሌላም ነገር አግኝተዋል፤ ከአንድነት ክፍሎች ሁሉ ከውጤት ጋር በዋናነት የሚያያዘው ለሥራው ያለው ቁርጠኝነት ነው፤ እርስ በርስ መወደዱ አይደለም። ሌንክ በጀልባው ላይ ያየው ነገር ነው።

ይህ ለክለብ መሪዎች የሚነግራቸው ነገር አለ። ብሩስ ተክማን በ1965 ስለ አነስተኛ ቡድኖች ሲጽፍ፣ አዲስ የተሰበሰቡ ሰዎች ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት የሚጋጩበት ጊዜ እንዳለ አስተውሏል። ማን ይመራል፣ ማን ይሰማል፣ ሕጉ ምንድን ነው የሚለው እስኪለይ ድረስ ይጋጫሉ። ከዚያ ይረጋጋሉ። ከዚያ ይሠራሉ። የሊጋችን ክለቦች ግን የውድድር ዓመቱ ባለቀ ቁጥር ብዙ ተጫዋች ለቅቀው ብዙ ያስፈርማሉ። አጭር ውል የተለመደ ነው። ስለዚህ ቡድኑ በየዓመቱ ከግጭቱ ደረጃ ይጀምራል። ሊረጋጋ ሲል ዓመቱ ያልቃል። ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ አሠልጣኙ ይሰናበትና ሁሉም ነገር እንደገና «ሀ» ይባላል። የኋላ መስመሩ አራት ልጆች አንዱ ሲወጣ ሌላው የት እንደሚቆም በዓይን ብቻ የሚግባቡት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ያንን የሚገዛ የፊርማ ገንዘብ የለም።

ደመወዝም አለ። ደመወዝ ዘግይቶባቸው ልምምድ ያቆሙ ቡድኖች ዜና ለስፖርት ተከታታይ እንግዳ አይደለም። የቤት ኪራይ ያልከፈለ ተጫዋች ላይ «ለማሊያው ሙት» ብሎ መጮኽ ይከብደኛል። ውል ላይ የተጻፈው ቃል ሲጠበቅ ነው ተጫዋቹም የአሠልጣኙን ቃል የሚያምነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎች የካሮንን 18 ጥያቄ በጥንቃቄ ወደ አማርኛ መልሰው በከተማው ቡድኖች ላይ፣ የሴቶቹንም ጨምሮ፣ በዓመቱ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ቢጠይቁበት እንዴት ጥሩ ነበር። አሠልጣኙ ቡድኑ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ሽንፈቱ ሳይመጣ ያውቅ ነበር። የሥራ አንድነቱ ወርዶ ማኅበራዊው ደህና ከሆነ መድኃኒቱ ልምምድ ሜዳ ላይ ነው። የተቀያሪዎቹ መልስ ከቋሚዎቹ በጣም ከራቀ መድኃኒቱ ንግግር ነው።

የደጋፊ ማኅበራትም መጠየቅ የሚችሉት ነገር አለ። የዝውውር መስኮት ሲከፈት ክለቦች ስንት አዲስ ተጫዋች እንዳስፈረሙ በፎቶ እያስደገፉ ይነግሩናል። ካለፈው ዓመት ቡድን ስንቱን እንዳቆዩ፣ ለስንት ዓመት እንዳቆዩ፣ የስንቱን ደመወዝ ሳያዘገዩ እንደከፈሉም ይንገሩን።